ሰባት መቶ ሺህ ብር ለሽቦ?!

ወይ ዘመን! ሽቦም በተራው አማኝ አገኘ። ከሲዲ ማጫወቻ ወደ አምፕሊፋየር የምትዘረጋው አንዲት ሜትር ገመድ ዛሬ ስለት የሚገባላት ሆናለች። «የብር ሽቦ ነው፣ ጃኩ ወርቅ የተቀባ ነው፣ ደግሞም አቅጣጫ አለው» ይሏችኋል። አዎን፣ አቅጣጫ! ገመዱ ላይ ቀስት ተስሏል፤ ድምፁ ቀስቱን ተከትሎ ካልሄደ ይበላሻል አሉ። የሙዚቃው ሲግናል ግን በሰከንድ ሺህ ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነገር ነው። ሄዶ የሚቀር አይደለም፤ ታዲያ የየትኛው ጉዞው አቅጣጫ ነው የተሳለው?

ባሕር ማዶ የሚኖር የአክስቴ ልጅ «ለቤትህ የትኛውን ገመድ ልላክልህ?» ብሎ የዋጋ ዝርዝር ቢልክልኝ ነው ይህን መጻፌ። ዝርዝሩን ሳይ ገመድ ሳይሆን መኪና የሚሸጡ መሰለኝ።

እስቲ በቁጥር እንነጋገር። ከሲዲ ማጫወቻ የሚወጣው 2 ቮልት ገደማ ነው። የሚቀበለው አምፕሊፋየር መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሺህ ኦም በላይ ነው። በመካከል ያለችው የአንድ ሜትር ገመድ ግን አንድ ኦም እንኳ አትሞላም። ከ10 ሺህ ብር ላይ አንድ ብር ቢጎድል ማን ያውቃል? መዳቡ ብር ሆነ፣ ብሩ ወርቅ ሆነ፣ ጆሮ የሚያውቀው ልዩነት የለም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ጄምስ ራንዲ የተባለው አሜሪካዊ አስማተኛ ነጋዴዎቹን በአደባባይ ፈተናቸው። 7,250 ዶላር የሚሸጥ የስፒከር ሽቦ ነበር። ራንዲ «ይህንን ከተራው ሽቦ፣ ሳያይ በጆሮው ብቻ ለሚለይልኝ ሰው አንድ ሚሊዮን ዶላር እከፍላለሁ» አለ። ምን ሆነ? ተጻጻፉ፣ ተከራከሩ፣ ገመዱን እናቀርባለን ያሉት ሰዎች አፈገፈጉ፣ ሙከራው ሳይካሄድ ቀረ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከመቶ ብር አልፏል። ያ ሽቦ በእኛ ሒሳብ ከ700 ሺህ ብር በላይ ነው ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ ስንት ቤት ይከደናል?

«ታዲያ ማንኛውም ገመድ ይሁን?» ለሚለኝ አንባቢ፣ አይደለም። ጃኩ ጠበቅ ብሎ የሚገባ፣ ብየዳው የማይላቀቅ፣ ሽቦው በመረብ የተሸፈነ፣ ርዝመቱም ከሚያስፈልገው ያልበለጠ ይሁን። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው በተለይ ገመዱን ያሳጥር፤ እዚያ ላይ የረዘመ ገመድ ቀጭኑን ድምፅ ይለውጠዋል። የስፒከር ሽቦም ከረዘመ ወፈር ማለት አለበት። ከስፒከሩ «እምምም» የሚል ጉርምርምታ የሚሰማው ደግሞ የገመድ ነጋዴ ዘንድ አይሂድ። አብዛኛውን ጊዜ የ50 ኸርዙ የመብራት መስመር ነው የሚያጉረመርመው። ዕቃዎቹን ሁሉ ከአንድ ሶኬት ያገናኝ፤ ቤቱ ግራውንድ እንዳለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስፈትሽ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በዚያ ገመድ የሚያልፈው ድምፅ የማን ነው? የምንወዳቸው የአምሃ እሸቴ ሸክላዎች እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 የወጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የካሴት ዘመን መጣ። ካሴቱ ከካሴት፣ ያም ከሌላ ካሴት የተገለበጠ ነው፤ «ሽሽሽ» ይላል። ሲቀዳ የጠፋውን ድምፅ የወርቅ ጃክ አይመልሰውም።

እኔ የጋይንት ልጅ ነኝ። አገሬ የጆሮ አገር ናት። የድጓ መምህር መሆን የፈለገ የሚያስመሰክረው እዚያው ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የሚያስመሰክረው ደግሞ ዙር አባ ነው። ተማሪው ዓመታት ሙሉ ከየኔታ አፍ ይቀበላል፤ አንዲት ዜማ ከቦታዋ ብትወርድ የኔታ ወዲያው ይይዙታል። እነዚያ ጆሮዎች ምንም ገመድ አልገዙም። በስማዳና በእስቴ ሰርግ የሚዞረው አዝማሪስ? መሰንቆው ያለው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ነው።

ይህ ድምፅ ምን ያህሉ ተቀድቷል? ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገብቶ ሕዝቡ ያየውን አይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ እንደገና ታመሰ። ጦርነት ለሽማግሌ አይራራም። አንድ የኔታ ሲያልፉ፣ አንድ አዝማሪ ሲሰደድ፣ ያልተቀዳው አብሮ ይሄዳል። የባሕል መሥሪያ ቤቶች ይህንን ከሁላችን በፊት ማሰብ ነበረባቸው፤ ለመድረክና ለበዓል የሚገኘው ገንዘብ ለመቅጃ የሚጠፋው ለምንድን ነው? እስኪያስቡ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የመለስኩለት ይህንን ነው፦ «ወንድሜ፣ ገመዱ ይቆየኝ። በዚያ ገንዘብ ጥሩ የድምፅ መቅጃና ሁለት ማይክሮፎን ግዛ። አገር ሰላም ሲሆን እንሂድ። የኔታን አስፈቅደን፣ ለአዝማሪውም የድካሙን ከፍለን እንቅዳ። ቅጂውን ሁለት ቦታ እናስቀምጥ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ነጋዴው የሚጠቀመው በዚሁ ባዳነቱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን፣ አንባቢ ሆይ፣ ሽቦ ከመግዛትዎ በፊት የአያትዎን ድምፅ ቀድተው እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ።

ቸር ይግጠመን!