ልብስም ታሪክ ይናገራል

የታሪክ ፊልም አልባሳት እስከ መጨረሻው ቁልፍ ትክክል ይሁኑ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ዋናው ጥያቄ ስህተቱ የታሪኩን ፍሬ ነገር ይለውጣል ወይ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው «ብሬቭሃርት» በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከእንግሊዞች ጋር የተዋጉትን የስኮትላንዳዊው የዊልያም ዋላስ ተከታዮች በወገብ የሚታጠቅ ጥለት ያለው ጨርቅ አልብሷቸዋል። ይህ አለባበስ በስኮትላንድ ደጋ የታወቀው ግን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው፤ ዋላስም የቆላው ክፍል ሰው ነበር። ስለዚህ ስህተቱ ባላባቶቻቸው በአለባበስ እምብዛም የማይለያዩትን ሁለት ጎረቤታሞች ሥልጡንና ዱር አደር አድርጎ ከፈላቸው።

«ተመልካች የሚመጣው ለድራማ እንጂ ለሙዚየም አይደለም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የቀረበው «ማሪ አንቷኔት» በንግሥቲቱ ጫማዎች መካከል የዘመናችንን ስኒከር አሳይቷል፤ በአልባሳትም ኦስካር አሸንፏል። ሆኖም ያ ሆን ተብሎ በግልጽ የተደረገ ጨዋታ ስለሆነ ማንንም አያታልልም። የሚያታልለው እውነት መስሎ የቀረበው ስህተት ነው። «ገንዘብ የለም» የሚለው ሰበብም ሁልጊዜ አያስኬድም። የዓድዋን ዘማች ሁሉ ለምድና ጎፈር ማልበስ ተራ ሸማ ከማልበስ ይልቅ ወጪ ያስወጣል፤ ለማዕረግና ለጀግንነት የሚሰጠውን ክብር የሁሉ በማድረግም የሠራዊቱን አወቃቀር ይሰውራል። ስለዚህ አዘጋጆች ከልብስ ሰፊው በፊት የታሪክ ባለሙያውን ያማክሩ፤ ከእውነቱ ሲወጡም አውቀው ይውጡ።