ዳኛ እንዴት ይፈርዳል?

በሠፈራችን የሚኖሩ የአንዲት አረጋዊት እናት ቤት በሌሊት ተሰብሮ ገንዘባቸውና ጌጣቸው ተወሰደ። ተጠርጥሮ የተያዘው ወጣት ቀድሞ ያስተማርሁት ልጅ ነበር። እኔም በዚያች ሌሊት ለማሕሌት ስሄድ ጋቢ የተከናነበ ሰው ከግቢያቸው ሲወጣ አይቼ ነበርና ለምስክርነት ተጠራሁ። ጎረቤቶች፦ «መምህር፥ እርሱ መሆኑን ማን ያጣዋል? እርሱን አየሁት ብለው ይመስክሩ እንጂ» እያሉ አጥብቀው ለመኑኝ። በችሎት ቆሜ ከማልሁ በኋላ ግን ዳኛው «ፊቱን አይተዋልን?» ብለው ጠየቁኝ። «አላየሁም» አልሁ። ሌላ ማስረጃ ስላልተገኘ ልጁ በነጻ ተሰናበተ። እኒያ እናትም ሰላምታ ነሡኝ።

«ዳኛው ሌባ ለቀቀ» የሚለው ሐሜት እስከ ዛሬ አልበረደም። ስለዚህ ዳኛ ወደ ፍርድ የሚደርስበትን መንገድ በዚህ ወር ላስረዳ ወደድሁ።

ልብን መመርመር የእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ዳኛ ግን የሚፈርደው በፊቱ በቀረበው ማስረጃ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፥ የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር ደንግጓል። እንግዲህ የማስረዳቱ ሸክም የከሳሹ የዐቃቤ ሕግ ነው።

ዳኛው አስቀድሞ ሦስት ነገር ይመረምራል፤ ይኸውም ሕግ ድርጊቱን ከልክሏልን? ድርጊቱስ ተፈጽሟልን? አድራጊውስ አስቦ ወይም በቸልተኝነት አድርጎታልን? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ እንደሚለው ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ወንጀል የለም። የባልንጀራውን ጃንጥላ የራሱ መስሎት ይዞ የሄደ ሰው ሌባ አይባልምና።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በ141ኛው አንቀጽ፥ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ለጥፋተኝነት የማያበቃ ከሆነ ተከሳሹ መከላከያ ሳያቀርብ በነጻ እንዲሰናበት አዟል። የሚያበቃ ቢሆን ግን የተከሳሹ መከላከያ ይሰማል። ዳኛውም የትኛውን ማስረጃ እንደ ተቀበለ፥ የትኛውን እንደ ጣለና ስለ ምን እንደ ሆነ በፍርዱ ውስጥ ይጽፋል። ምክንያቱ ካልተጻፈ ይግባኝ ሰሚው ምኑን ይመረምራል?

ምስክርም በቍጥር ብቻ አይመዘንም። በሶስና ላይ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ቃል ተነሥተውባት ነበር፤ ዳንኤል ለያይቶ በጠየቃቸው ጊዜ ግን አንዱ የጠራው ዛፍ ከሌላው ተለየና ሐሰታቸው ተገለጠ። ባገራችንም በጥንት ዘመን ሌባ ሻይ የተባለው ልማድ ነበር፤ መድኀኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይያዝ ነበር። ያለ ማስረጃ መፍረድ ምን ያህል ንጹሕ ሰው እንደሚያስጨንቅ ከዚህ ይታወቃል።

ጥፋተኛ ከተባለም በኋላ ቅጣቱ ለብቻው ይመዘናል። በሌሊት ማድረግ፥ አደራ መብላት፥ ከግብረ አበር ጋር መተባበር ያከብዱታል፤ የቀድሞ መልካም ጠባይ፥ እውነተኛ ጸጸት፥ ተበዳይን መካስ ያቀልሉታል። በአንድ ዓይነት ጥፋት የሚወሰነው ቅጣት ከዳኛ ዳኛ እጅግ እንዳይራራቅም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፤ በ2006 ዓ.ም.ም አሻሻለው።

የእኒያ እናት እንባ እውነተኛ ነው፤ ንብረታቸውም አልተመለሰም። ልጁ ይሥራው አይሥራው እኔ አላውቅም። ነገር ግን ያላየሁትን አየሁ ብዬ ቢሆን ኖሮ፥ በአንድ በደል ላይ ሁለተኛ በደል በጨመርሁ ነበር፤ እውነተኛው ሌባም ሌላ ሰው ቢሆን ተረጋግቶ ይኖር ነበር።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ከቤት ሲጣሉና ሲካሰሱ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ዛሬ በምድጃ ዳር ይህን የለየ ልጅ ነገ በችሎት ቢቆም አይሳሳትም። እኔም በመጪው በዓል እኒያን እናት ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፤ በሩን ቢከፍቱልኝ።