ጭቃው ሲቦካ

እናቴ ካረፈች በኋላ አርሲ፣ ሁሩታ ያለው ቤታችን ሁለት ክረምት ተዘግቶ ከረመ። አምና በጥር ከአዳማ ጓዜን ጠቅልዬ፣ ዴራን አልፌ፣ ሽቅብ ወጥቼ በሩን ስከፍት ግድግዳው ደህና መስሎኝ ነበር። እሷ በሕይወት ሳለች እኛ ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተን የጭቃውን ቤት በሲሚንቶ አስለስነንላታል። ያን ጊዜ የተሰማን ኩራት ዛሬም ትዝ ይለኛል። ሰፈሩ ሁሉ "ልጆቿ ቤት ሠሩላት" ብሎ መርቆናል።

በሦስተኛው ቀን ከማድ ቤቱ ጀርባ ያበጠ ቦታ አይቼ በጣቴ አንኳኳሁት። እንደ ባዶ ጋን ጮኸ። በመዶሻ ነካ ሳደርገው የበር ያህል ስፋት ያለው ልስን ባንድ ጊዜ ተገንድሶ ወደቀ። በጥር፣ ዝናብ ካቆመ ወራት አልፎት፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ እርጥብ ነበር። ማገሩን ስይዘው እጄ ላይ እንደ በሶ ፈረሰ። ምስጥ በልቶ ጨርሶታል።

ጎረቤቴ፣ እማማ የምላቸው፣ የእናቴ የቡና ጓደኛ ናቸው። መጥተው ግድግዳውን ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩትና "ልጄ፣ ላስቲክ አለበሳችሁት እንጂ እሱስ ምንም አልነበረውም" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃ ክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በጋ መልሶ ይተፋዋል። እንጨቱም ከእሱ ጋር ትንሽ ያብጣል፣ ትንሽ ይሸሻል። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፤ ከጭቃ ጋር አብሮ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ፀጉር በምታህል ስንጥቅ የገባ ውሃ መውጫ ያጣል፤ ምስጥ ደግሞ ጨለማና እርጥበት ባለበት ይሰፍራል። ጭቃ ቢፈርስ በዓይን ይታያል፤ አንድ እፍኝ ይጨመርበታል፤ ያበቃል። ሲሚንቶው ግን የእናቴን ቤት ለዓመታት ደብቆ አስበላው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ይኸው ቤት ሆነ። መጀመሪያ ሲሚንቶውን ልጬ ጣልኩ። የተበሉትን ቋሚዎችና ማገሮች አስለወጥኩ። ቀጥሎ አፈር። የጓሮዬ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ለእህል ጥሩ፣ ለግድግዳ ግን ሲደርቅ የሚተረተር። ቀይ አፈር ከሌላ ቦታ በጋሪ አስመጣሁ። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ውሃ ተሞላ፣ ጭድ ተነሰነሰ፣ ተረገጠ። እኔ በነጋታው ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ መስሎኝ ሠራተኛ ቀጥሬ ነበር። እማማ መለሷቸው። "ሳይቦካ? ይሽተት እንጂ!" ሁለት ሳምንት ተኛ። በየሦስት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ ተገላበጠ። ጭዱ በስብሶ ሲልመጠመጥ፣ ሽታው ከደጃፍ ሲደርስ፣ ያኔ ነው ምርጉ የሚጀመረው። ምርጉ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ ላይ ቀጭኑ ልስን ይያያዛል፤ በመጨረሻ በእበት ይለቀለቃል።

ያስቸገረኝ ጭዱ ነው። የጤፍ ጭድ ልስልስ ስለሆነ ጭቃውን እንደ ክር ሰፍቶ ይይዘዋል። ይህ አገር ግን የስንዴ አገር ነው። ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት እርዳታ በ1960 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የተሻሻለ ስንዴ፣ ማዳበሪያና ትራክተር አርሲን ለውጠውታል። ዛሬ በአጨዳ ወቅት ኮምባይነሩ ማሳው ላይ ያልፋል፤ ጭዱን እንዳለ በትኖት ይሄዳል። ድሮ አውድማ ላይ በበሬ ኮቴ ተረግጦ የሚልመው ጭድ ዛሬ ሸካራና ረጅም ሆኖ ይቀራል። ለምርግ ይሆናል፤ ለላይኛው ልስን ግን ተቆራርጦ እንኳ እምቢ ይላል። የጤፉን ጭድ ከቆላው በኩል አስመጣሁ። ለዳቦ የምንሸምተው ስንዴ ከግድግዳችን ጋር ይህን ያህል ይገናኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የምለው ይህ ነው፤ በየትንንሽ ከተሞቻችን ጭቃ ቤትን የድህነት መታወቂያ አድርገን መቁጠራችንን እናቁም። በማሊ የጄኔ ከተማ ታላቁ መስጊድ ከጭቃ የተሠራ ነው። አሁን ያለው ሕንፃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 የቆመ ሲሆን፣ የከተማው ሰው በየዓመቱ ወጥቶ በእጁ ይለስነዋል። እዚያ ጭቃ ክብር ነው። እኛም ደቦ አለን፣ በኦሮምኛ ዳዶ የሚባለው አለ፤ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ። በምርጉ ቀን ዘጠኝ ሰው መጣልኝ፤ ከዘጠኙ ስድስቱን በስማቸው አላውቃቸውም ነበር። በሲሚንቶ ያስለሰንን ቀን ግን የመጣው አንድ ግንበኛና ረዳቱ ብቻ ነበር። እማማም ቆመው አይተውን ዝም ብለዋል፤ ማንም አልጠየቃቸውማ።

ሲሚንቶን የሚመኙ ሴቶችን ግን አልወቅስም። እበቱን የሚዝቁት፣ በየበዓሉ ዋዜማ ጎንበስ ብለው የሚለቀልቁት እነሱ ናቸው። "ወገቤ ይረፍ" ያለች ሴት እውነቷን ነው። ስለዚህ እኔ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋይ በሲሚንቶ አስገነባሁ፤ ሲሚንቶ ቦታው እዚያ ነው። የቆርቆሮውንም ክፈፍ አስረዘምኩ፣ ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይገርፈው። ሁለቱ ሲደረጉ የልቅለቃው ድግግሞሽ ይቀንሳል። የቀረውን ደግሞ ወንዶቹም ይዘቁ።

ጓሮው ሳላስበው ከቤቱ ጋር አብሮ ተሠራ። ከግድግዳው የረገፈውን አሮጌ ጭቃ ከነጭዱ ዋልካው ላይ በተንኩት፤ አፈሩ ላላ፣ ሐምሌ ላይ ጎመኑ እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ጭቃ የተቦካበትን ጉድጓድ ጥራጊና አመድ ስሞላበት ከርሜ ዱባ ዘራሁበት፤ ሐረጉ አጥሩን ተሻግሮ እማማ ግቢ አፈራ። ጌሾዋንና ጤና አዳሟን የተከለችው እናቴ ናት፤ ሁለቱም ያለ ሰው ሁለት ክረምት ቆይተዋል። አሁን ስድስት የቡና ችግኝ በጥላ ሥር አለኝ። የሲሚንቶው ስብርባሪ ግን እንደተከመረ አጥሩ ሥር አለ። ለአፈርም አይሆን፣ ለግድግዳም አይሆን። ሣር እንኳ አልበቀለበትም።

በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ገና ነው። እናቴ ትተኛበት የነበረው ክፍል ነው፤ ሳዘገየው ቆይቼ ባለፈው ሳምንት ሲሚንቶውን ላጥኩት። ከሥሩ የድሮው ልስን ሳይነካ ወጣ። በእበቱ ላይ የአምስት ጣት ፈለግ በቅስት በቅስት ይታያል፣ የለቀለቀችው እሷ ናት። ያን ቦታ እንዳይነኩት ለሠራተኞቹ ነግሬያለሁ። በዙሪያው ላለው ግን አዲሱ ጭቃ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል፤ ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው፤ ሽታው እስከ በረንዳው ይደርሳል።