ትዝታ «ኦሪጂናል» የለውም፦ ለአንድ የቆየ አስተያየት የቀረበ ምላሽ

ስለ ሙዚቃችን በተወራ ቁጥር አንድ ክርክር ሳይነሳ አይቀርም፤ ትዝታን መጀመሪያ የዘፈነው ማን ነው? ጥያቄው ብዙ ሳይቆይ ፍርድ ይሆናል። «ዋናው የእገሌ ነው» ይባልና የቀሩት ደጋሚዎች፣ ሲብስም ኮራጆች ተብለው ይመደባሉ። የሚጠራው ስም እንደ ተናጋሪው ዕድሜ ይለያያል። አንዱ ጌታቸው ካሣን ይጠራል፣ ሌላው ማሕሙድ አሕመድን፣ ሌላዋ አስናቀች ወርቁን ወይም በዛወርቅ አስፋውን። ከስሞቹ ጀርባ ያለው እምነት ግን አንድ ነው፤ ትዝታ አንድ ባለቤትና አንድ ዋና ቅጂ አለው፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ነው የሚል። ይህን እምነት አልቀበልም። ስህተቱ በስም ወይም በዓመት ምርጫ ላይ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ ይታረም ነበር። ችግሩ ግን ዘፈኑ እንዴት እንደሚኖር ካለማየት የመጣ ነው።

በዕድሜ እንጀምር። አብዛኛው ሰው «ዋናው» የሚለው በ1960ዎቹ የወጡትን ሸክላዎች ነው። ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ተጋፍቶ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነበር። ድምፃዊው ተሰማ እሸቴ ግን ከዚያ 60 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ በርሊን ላይ ድምፁን በሸክላ አስቀርጿል። ከእሱም በፊት ድምፁ የትም ሳይቀረጽ በማሲንቆውና በክራሩ እያንጎራጎረ ያለፈው አዝማሪ ስፍር ቁጥር የለውም። ስለዚህ «መጀመሪያ» የምንለው ከመጥፋት ተርፎ እኛ ጆሮ የደረሰውን ነው።

የዕድሜው ነገር ግን ዋናው መከራከሪያዬ አይደለም። ዋናው የግጥሙ አሠራር ነው። የትዝታ ግጥም እንደ ዛሬ ዘፈን ከአዝማች እስከ መደምደሚያ ተጽፎ ያለቀ አይደለም። ሁለት ሁለት እየሆኑ ቤት የሚመቱ ስንኞች ይደረደሩበታል፤ እያንዳንዱ ጥንድ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ቢነሳም የጎረቤቱ ጥንድ አይወድቅም። ምጣኔው አብዛኛውን ጊዜ የወል ቤት ነው፤ 6 ቀለም፣ አጭር ዕረፍት፣ ደግሞ 6 ቀለም። ብዙው የቃል ግጥማችን በዚሁ ልክ ስለሚሰፋ፣ ለእንጉርጉሮ የተባለው ስንኝ፣ ለሙሾ የወጣው ስንኝ፣ ውኃ ስትቀዳ አንዲት ልጃገረድ ያለችው ስንኝ ያለ አንዳች ጥገና ትዝታ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። አድማጩ ከተቀመጠበት ሆኖ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው «አቤት» ብሎ ጆሮውን ይሰጣል፤ የተሰጠውን ስንኝ እዚያው በዜማ አልብሶ ይመልሰዋል። ይህ ስንኝ የማን ነው? የሰጠው ሰው ምናልባት ከአያቱ የሰማው ነው፣ ምናልባት ከጠጁ ጋር አሁን የወለደው ነው። ነገ ማታ አዝማሪው ያንኑ ስንኝ ለሌላ እንግዳ ይዘፍነዋል፤ ከዓመት በኋላ ካሴት ላይ ይገኛል። በዚህ ሂደት ውስጥ ዋናውንና ቅጂውን የሚለይ መስመር የት ላይ እንደሚሰመር የሚያሳየኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ቋንቋው ራሱም በዚህ ይሳተፋል። በአማርኛ የፍቅር ዘፈን ውስጥ አንተ ወይስ አንቺ የሚለውን ሳይወስኑ አንድ ግሥ እንኳ ለወዳጅ መናገር አይቻልም። ወንድ ለሴት ያለውን ስንኝ ሴት ስትወስደው ሄድሽ የነበረው ሄድህ፣ ቀረሽ የነበረው ቀረህ ይሆናል። ሁለቱም ስንኞች አብረው ስለሚዞሩ ቤቱ አይፈርስም፣ ከቀለሙም ቁጥር አይጎድልም። አንዱ ስንኝ በግሥ ሌላው በስም ካለቀ ግን ቤቱ ይበላሻል፤ ዘፋኟ ያን ጊዜ አዲስ ስንኝ መውለድ ግድ ይላታል። ትዝታን ራሱን እንደ ሰው አቁማ ስታናግረውም አንተ ትበለው ወይስ አንቺ፣ ምርጫው የእሷ ነው። አስናቀች ክራሯን ይዛ ስታንጎራጉር የምንሰማው ይህን የምርጫ ሥራ ነው። ይህን መድገም ብሎ መጥራት ለእኔ ከባድ ነው።

ታዲያ «ዋናው» የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? ከሸክላው ይመስለኛል። ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ ከ4 ወይም ከ5 ደቂቃ ብዙም አይዝም። ሌሊቱን ሙሉ ሊዘልቅ የሚችለው ዘፈን ወደ ጥቂት ጥንድ ስንኞች ተቆረጠ። ያ የተቆረጠው በየሬዲዮውና በየቡና ቤቱ በየቀኑ ሲደጋገም፣ አድማጩ እነዚያን ስንኞች በዚያው ቅደም ተከተል በቃሉ ያዘ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘፋኝ ቅደም ተከተሉን ሲለውጥ «አበላሸው»፣ ሳይለውጥ ሲቀር «ኮረጀ» ተባለ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ አልበምም፣ 10ኛው ቅጽ ስሙን ከትዝታ የወሰደው፣ ለሙዚቃችን ውለታው ትልቅ ቢሆንም፣ የአንድን አጭር ዘመን ቅጂዎች የመለኪያ ዘንግ አድርጎ አጽንቷቸዋል።

ያ ዘመን ራሱ ግን ለእኔ ይመሰክርልኛል። ጌታቸው ካሣ ትዝታን ሁለት ጊዜ አስቀርጿል፤ አንዱ ዝግ ያለ፣ ሌላው ፈጠን ያለ። ድምፁ አንድ፣ ዘመኑ አንድ፣ ዘፈኑ አንድ ነው። ዝግተኛው እንደ ሌሊት ትካዜ ይሄዳል፤ ፈጣኑ ትዝታን ያለ እንባ የሚያስጨፍር ያደርገዋል። ከሁለቱ የትኛው የየትኛው ቅጂ ነው? ራሱ ዘፋኙ ሳይመርጥ የተወውን እኛ ልንመርጥለት አንችልም።

በሌላ በኩል ያለውን ማጋነንም አልቀበለውም። «ትዝታ እኮ ቅኝት ነው፣ ዘፈን አይደለም» የሚሉ አሉ። የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ዳግማዊ ውብሸት እንዳስረዳው ቃሉ ሦስት ነገር ይይዛል፤ ማስታወስን፣ ቅኝቱንና ዘፈኑን። ቅኝቱ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር የሚቆጠረው ነው፤ ሜጀሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ሲሆን በማይነሩ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። በዚህ ቅኝት የተሠራ ሁሉ ግን ትዝታ አይባልም። ዘፈኑን ዘፈን የሚያደርገው ቅኝቱ ከዚያ ጥንድ ስንኝ፣ ከዚያ የሚያውቁት የዜማ አወራረድና የሄደውን ከማናገር ጋር ሲገናኝ ነው። ሰው ያለ አንድ ቃል፣ በመሣሪያ ብቻ ሲሰማው እንኳ «ትዝታ ነው» የሚለው በዚያ የዜማ አወራረድ ነው።

የኢትዮ ጃዙ ሙላቱ አስታጥቄ በመሣሪያ ብቻ ከሠራቸው አንዱ «የግሌ ትዝታ» ይባላል። ርዕሱን ልብ በሉልኝ። የጋራው ትዝታ አለ፣ ከዚያ ውስጥ የግል የሚባለው ይወጣል። ራፐሩ ናስና የሬጌው ዘፋኝ ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 «አዝ ዊ ኤንተር» የተባለውን ዘፈን ሲሠሩ ከዚሁ ቀረጻ ቆርጠው ወስደዋል። እዚያ ላይ ምንጩን በጣት ማሳየት ይቻላል፤ ቀረጻው ይኸው፣ የተወሰደው ቁራጭም ይኸው። መቅዳት ማለት ይህ ነው። አስቴር አወቀ አሜሪካ ከገባች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው አልበሟ ትዝታን ስትዘፍን ግን ከማን ቀዳች? ከአገር የራቀ አድማጭ ያን ድምፅ ሲሰማ በዘፈኑ የምታናግረው ወዳጅ አዲስ አበባ ሊሆንበት ይችላል። ትርጉሙ እዚያው ላይ ተወለደ እንጂ ከማንም አልተገለበጠም።

አንድ ነገር ግን ለተቃራኒው ወገን መስጠት አለብኝ። «የሕዝብ ነው» የሚለው ቃል ለሌብነት መሸፈኛ ሲሆን ታይቷል። አንድ አቀናባሪ ለነፋስ መሣሪያዎቹ ያወጣው መግቢያ፣ አንድ ገጣሚ አምጦ የጨመረው ስንኝ ያለ ስም ሲወሰድ ቅሬታው እውነተኛ ነው፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለከዋኙና ለድምፅ ቀረጻው አሳታሚ መብት ሰጥቷል። ዘፈኑ ባለቤት ባይኖረውም በውስጡ የሠሩት ሰዎች ስም አላቸው። «ዋናው የእገሌ ነው» የሚለው አነጋገር የሚያጠፋውም እነዚህን ስሞች ነው፤ አንዱን አንግሦ የክራር መቺውን፣ የአቀናባሪውንና የስንኝ ሰጪውን ሥራ ይውጠዋል።

ይህን ዘፈን የሚያጠና ሰው ካለ «ማን ቀደመ» የሚለውን ለጊዜው ይተወውና የተቀረጹትን ትዝታዎች ሁሉ በእጁ ሰብስቦ ስንኝ በስንኝ ይጻፋቸው። ይህ ጥንድ በየትኞቹ ቀረጻዎች ላይ አለ? ወንድ ሲዘፍነው እንዴት ነበር፣ ሴት ስትወስደው የቱ ቃል ተቀየረ? በሸክላ የተቆረጠው በካሴት ተመለሰ ወይ? በየአዝማሪ ቤቱም መቅረጫ ይዞ ይቀመጥ፤ «ተቀበል» ሲባል የተሰጠውን ስንኝ፣ የሰጠውን ሰው አገርና ቀኑን ይመዝግብ።