መሬት ሳይመረመር ማዳበሪያ ስለ ማደል

ጎተራው ሙሉ ሳለ ቁልፉ የጠፋበት ሰው ተርቦ እንደሚያድር፥ ተክልም በሀብታም መሬት ላይ በቅሎ ሊራብ ይችላል። በአቃቂ ቃሊቲ በገላን ኮንዶሚኒየም ዙሪያ ያለው፥ በክረምት የሚያብጠው በበጋም የሚሰነጠቀው ጥቁር ዋልካ ይህን ነገር ያስተምራል።

ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን የተክልን አገዳ ያጸናል፤ ቅጠሉም ውሃ ያለ ልክ እንዳያባክን ይጠብቃል። ነገር ግን አብዛኛው በድንጋይና በጭቃው ንጣፎች መካከል ታስሮ ይኖራል እንጂ ለሥር ወዲያው የሚገኘው ጥቂቱ ብቻ ነው። እርሱም በአፈሩ እርጥበት ሟሙቶ ቀስ በቀስ ሲቀርብ እንደ ጠጉር የቀጠኑት የሥር ጫፎች ይቀበሉታል። ሥር ይህን የሚሠራው በመተንፈስ በሚያገኘው ኃይል ስለ ሆነ፥ ውሃ በተኛበት ማሳ አየር ሲያጣ ይደክማል። ደግሞም በዋልካ ውስጥ የሚበዙት ካልሲየምና ማግኒዚየም መግቢያውን ይሻሙበታል።

የኢትዮጵያ መሬት ፖታሲየም አይጎድለውም የሚለው አሳብ ብዙ ዘመን ጸንቶ ኖረ፤ መርፊ የተባለው ሊቅ በ1968 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ያወጣው ጥናትም ለዚሁ ምስክር ሆኖ ይጠቀስ ነበር። ስለዚህ ለገበሬው የሚታደለው ዳፕና ዩሪያ ብቻ ሆኖ ቆየ፤ በሁለቱም ፖታሲየም የለባቸውም። በ2012 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የተጀመረው የአፈር ካርታ ሥራ ግን በብዙ ስፍራ ጉድለት መኖሩን ገለጠ።

ይህም ሊያስደንቅ አይገባም። ፖታሲየም ከፍሬው ይልቅ በገለባው ስለሚበዛ፥ ጭዱ በየዓመቱ ከማሳ ሲነሣ ሀብቱም አብሮ ይወጣል። ኩበቱ ነዶ አመዱ በየደጁ ሲደፋም የቀረው ይባክናል፤ ፖታሽ የሚለው የአውሮጳ ስም ራሱ ከአመድ የወጣ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ፎቅ ቤት ከመሠራቱ አስቀድሞ መሠረቱ የሚያርፍበት አፈር ይመረመራል። የእንጀራ መሠረት የሆነው ማሳ ግን ሳይመረመር ገበሬው በብድር ማዳበሪያ እንዲገዛ ማድረግ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ የእርሻ ሹማምንት አፈሩን አስመርምረው እንደ ጉድለቱ ያድሉ፤ የተኛውንም ውሃ በቦይ ያስነጥፉ። የአብያተ ክርስቲያናት አለቆችም ሕዝቡ አመዱን በልክ ወደ እርሻው እንዲመልስ ይምከሩ። ከመሬት የወሰደ ለመሬት መመለስ ይገባዋልና።