ድስቱ ለምን ታጠበ?

አዘዞ ውስጥ ከአንድ ሰርግ በልተን በተነሳን 3 ሰዓት ሳይሞላ፣ እኔን ጨምሮ ብዙ እድምተኛ በትውከት ወደቀ። ወዲያው "ወጥ ሠሪዋ መርዛ ነው" ተባለ! የጤና ሹማምንቱ ብቅ ያሉት በ3ኛው ቀን፣ ድስቱ ታጥቦ፣ ትራፊው ለውሻ ተደፍቶ ካለቀ በኋላ ነው። ታዲያ ናሙና ከየት ይምጣ? ምን በላችሁ፣ መቼ አመማችሁ፣ ያልታመሙትስ ምን አልቀመሱም ብሎ የጠየቀን የለም። ሰዓቱ ራሱ እኮ ፍንጭ ነበር! ሳልሞኔላ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሰዓት በላይ ይቆያል፤ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ጀርም ግን ሳይቀዘቅዝ በዋለ ምግብ ላይ የሚተወው መርዝ ቶሎ ነው የሚጥለው፤ ወጡን መልሰው ቢያሞቁትም አይጠፋም። ይህ ሁሉ ዝርክርክነት የጤና መኮንኖች ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. በተከፈተባት በጎንደር ነው! እኛስ ዳንን። ወጥ ሠሪዋን ግን ዛሬም ለድግስ የሚጠራት የለም።