የኳሱ ገጣሚ ለማን ይግጠም?

«ግጥምና ኳስ ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው ብዙ ነው። አንድ ወጣት ጋዜጠኛ በሰፈሩ ሜዳ የተደረገውን ጨዋታ ተመልክቶ በስንኝ ቢጽፈው፣ ስፖርት ወዳዱ «ወሬውን ትቶ ያዜማል» ብሎ ይስቅበታል፤ ግጥም ወዳዱም በበኩሉ «ቅኔን አቧራ ላይ ጣላት» ብሎ ያዝንበታል። በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱም ፍርዶች የተጣደፉ ናቸው። ግጥምና ግጥሚያ ከአንድ ግስ የተወለዱ ወንድማማቾች መሆናቸውን ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ስለዚህ ጥያቄው ጋዜጠኛው ይግጠም ወይስ አይግጠም ሳይሆን፣ ለማን ይግጠም የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የአንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሕይወት ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። ግራንትላንድ ራይስ እ.ኤ.አ. በ1880 በቴነሲ ግዛት ተወለደ፤ በ1901 ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በናሽቪል ከተማ ጋዜጠኛ ሆነ። ተማሪ ሳለ ራሱ ተጫዋች ስለ ነበር የመውደቅንም የመነሣትንም ጣዕም ያውቃል። የጨዋታውን ወሬ በስድ ንባብ ከጻፈ በኋላ በዐምዱ ግጥም መጨመር ልማዱ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ስሙን ያስጠራው ግጥም፣ ከውጤቱ ይበልጥ አጨዋወቱ ሊመዘን ይገባል የሚለው፣ በ1908 በዚያችው ከተማ ሳለ የጻፈው ነው። ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ዝናው አገሩን ያዳረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

የብዕሩ ኃይል ምን ያህል እንደ ነበረ የ1924ቱ ጽሑፉ ያሳያል። በዚያ ዓመት በኦክቶበር ወር የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ቡድን የአሜሪካን የጦር አካዳሚ ቡድን 13 ለ 7 ሲያሸንፍ፣ ራይስ አራቱን የአሸናፊ ቡድን ተጫዋቾች በዮሐንስ ራእይ ከተጻፉት ከአራቱ ፈረሰኞች ጋር አመሳሰላቸው። ከአራቱ መካከል ክብደቱ 75 ኪሎ የሚሞላ አልነበረም፤ ዳሩ ግን በአንድ ጋዜጠኛ ምሳሌ ምክንያት እስከ ዛሬ «አራቱ ፈረሰኞች» እየተባሉ ይጠራሉ።

ነገር ግን የውዳሴ ብዕር አደጋም አለው። ራይስ ቤዝቦልን በሚያወድስበት ዘመን ጥቁር ተጫዋቾች ከታላላቆቹ ሊጎች ተከልክለው ነበር፤ ጃኪ ሮቢንሰን ይህን አጥር ጥሶ የገባው ገና በ1947 ነው። ራይስ ከጻፈው የውዳሴ ብዛት ጋር ሲመዛዘን ስለዚህ በደል የጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ሜዳው ላይ የሮጠውን ሁሉ ያየ ዐይን፣ በር ላይ ቆሞ የተመለሰውን አላየም። አጨዋወቱ ይመዘን ያለ ሰው ማን እንዲጫወት እንደ ተፈቀደለትም መጠየቅ ይገባው ነበር።

ሁለተኛ ምስክር ልጨምር። በ1888 ኧርነስት ታየር የተባለ ሌላ ጋዜጠኛ ኬሲ ስለሚባል የቤዝቦል ጀግና ግጥም በሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ አወጣ። ከተማው ሁሉ በኬሲ ተማምኖ ሳለ፣ ኬሲ ሁለቱን ኳሶች በኩራት አሳልፎ ሦስተኛውን ይስታል፤ ግጥሙም በሐዘን ያልቃል። ራይስ በኋላ ለዚህ ግጥም መልስ ጽፎ ኬሲን አሸናፊ አደረገው፤ ሽንፈቱን ካሠው ማለት ነው። ዛሬ ግን በየትምህርት ቤቱና በየመድረኩ የሚነበበው የታየር ግጥም ነው። ሰው የሚያስታውሰው ያጽናናውን ሳይሆን እውነቱን የነገረውን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ይህ ሙያ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። በገና ጨዋታ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ሲሸነቁጠው፣ ጌታውንም ሳይቀር ሲነካው ኖሯል። የጎደለን የተሸነፈውን የሚያስብ ግጥም ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮማ፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ሲያሸንፍ ያላወደሰው ማን ነው? በ1968 በሜክሲኮ ግን እግሩን ታሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወሰደ። የውጤት ሰሌዳ ላቋረጠ ሰው የሚሰጠው ተራ ቁጥር የለውም። ያን ባዶ ቦታ ሊሞላ የሚችለው ጽሑፍ ብቻ ነው።

አበበስ በዓለም የታወቀ ስለሆነ ስሙ አይጠፋም። በየከተማው በእሑድ ጠዋት በተዋሰው ጫማ የሚጫወተው ልጅ ግን ስሙ በጋዜጣ የሚወጣው ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ ውጤቱን ተመልካቹ ከሜዳው ሳይወጣ በስልክ ለወዳጁ ይነግረዋል፤ እንግዲያው ጋዜጠኛ በማግሥቱ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ቢመጣ ምን ይረባናል?

ስለዚህ ለሰፈሩ ሜዳ ለሚገጥም ወጣት የምለው ይህ ነው። በመጀመሪያ ጨዋታውን እስከ ፍጻሜው ተመልከት፤ የጎሉን ቁጥርና የልጆቹንም ስም ሳታሳስት መዝግብ፤ ቤት ይመታልኛል ብለህ እውነቱን አታጣምም። ቀጥሎም ካሸናፊው ጋር ከመጨፈርህ በፊት ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ብቻውን ወደ ቤቱ የሚሄደውን ፈልገው። በመጨረሻም ሜዳው ታጥሮ ሲሸጥ ወይም አንዱ ልጅ ያለ ጥፋቱ ከቡድን ሲባረር ግጥምህ ዝም አይበል። የጋዜጣ አዘጋጆችም ለእንዲህ ያለው ወጣት አንዲት ጠባብ ዐምድ ቢሰጡት ወረቀቱ አይባክንም። አሸናፊውስ ዋንጫውን ይዞ ሄዷል፤ ተሸናፊው ግን ከሜዳው ይዞት የሚሄደው ነገር የለምና ቢያንስ አንድ እውነተኛ ስንኝ አይነፈገው።